ኮምፓይል የተደረገን ላይብረሪ ከድረ ገጽ ለመጥራት፦ ዌብአሴምብሊ፣ ሰርቨር ወይስ ኤክስቴንሽን?

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሯቸው ዝግጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ገዝቶ ፈንክሽኖቹን ከድረ ገጽ ጃቫስክሪፕት መጥራት የሚፈልግ ሰው፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሻጩ የሚያስረክበው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት፦ የምንጭ ኮዱን ነው፣ ለዌብአሴምብሊ (ብራውዘር ውስጥ ለሚሠራ የኮድ ቅርጽ) የተዘጋጀ ፋይል ነው ወይስ ዲኤልኤል የሚባለው የዊንዶውስ ላይብረሪ ፋይል ብቻ? ዲኤልኤል የሚሠራው ለአንድ ስርዓተ ክወናና ለተወሰነ የፕሮሰሰር ዓይነት ስለሆነ የድረ ገጽ ስክሪፕት በቀጥታ ሊጭነው አይችልም፤ ወደ ዌብአሴምብሊም በቀላሉ አይለወጥም።

የምንጭ ኮዱ ወይም የተዘጋጀው ፋይል ከተገኘ እኔ የማስቀድመው ዌብአሴምብሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሥራ ላይ ስለዋለና በ2019 የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው የደብሊው ስሪ ሲ ይፋዊ ደረጃ ስለሆነ ተጠቃሚው ምንም መጫን አይጠበቅበትም፤ ኤምስክሪፕተን የተባለው መሣሪያም ኮዱን ኮምፓይል ሲያደርግ (ማለትም ማሽን ወደሚያስኬደው ቅርጽ ሲለውጥ) ከጃቫስክሪፕት ጋር የሚያገናኘውን ስክሪፕት አብሮ ያወጣል። አስቸጋሪው ነገር የመረጃ ማስተላለፉ ነው። ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ፈንክሽን ያለ ችግር ይጠራል፤ ምስል ወይም ረጅም ጽሑፍ ግን እንዲሁ አይተላለፍም። ስክሪፕቱ ማሎክ በተባለው ፈንክሽን ከላይብረሪው ሜሞሪ ላይ ቦታ ያስይዛል፣ ባይቶቹን ወደዚያ ይገለብጣል፣ ለፈንክሽኑም የቦታውን አድራሻ የሚያመለክት ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ቦታውን ፍሪ በተባለው ፈንክሽን ካልለቀቀ ገጹ ክፍት እስከሆነ ድረስ የተያዘው ሜሞሪ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ሜሞሪው በቂ ሳይሆን ቀርቶ ሲያድግ፣ ጃቫስክሪፕቱ አስቀድሞ ይዞት የነበረው የባይት ድርድር ርዝመቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ስህተት በትናንሽ ፋይሎች ሙከራ ስለማይታይ፣ የሻጩን ናሙና ከመቀበል በፊት በሚገኘው ትልቁ ፋይል መፈተን ይገባል።

የቀረበው ዲኤልኤል ብቻ ከሆነ ላይብረሪውን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በኤችቲቲፒ መጥራት ይሻላል። ላይብረሪው እንዳለ ይሠራል፣ አሠራሩም አይጋለጥም፤ የዌብአሴምብሊ ፋይል ግን ወደ ተጠቃሚው ስለሚወርድ ማንም ሊመረምረው ይችላል። በአንጻሩ የተጠቃሚው መረጃ ከኮምፒውተሩ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ጥሪም በኔትወርክ ይመላለሳል። የላይብረሪው ፈቃድ በሰርቨር ላይ መጠቀምን ይፈቅድ እንደሆነም አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ኤክስቴንሽን (በብራውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) እና በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ረዳት ፕሮግራም የሚጠይቀው ሦስተኛው መንገድ፣ ላይብረሪው እንደ ካርድ አንባቢ ያለ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ ዕቃ የሚቆጣጠር ሲሆን ብቻ ያዋጣል። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ፕለጊኖች ዘመናቸው አልፏል፤ ክሮም ኤንፒኤፒአይ የተባለውን የፕለጊን ሥርዓት ያስወገደው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ አሁንም እርሱን ወይም የማይክሮሶፍትን ተመሳሳይ ሥርዓት አክቲቭኤክስን ከሚያቀርብ ሻጭ ጋር መደራደር ትርፉ ድካም ነው። በክሮም ረዳት ፕሮግራሙ ለኤክስቴንሽኑ የሚልከው አንድ መልእክት ከ1 ሜጋባይት ሊበልጥ አይችልም፤ መልእክቱም ጄሰን በተባለው የጽሑፍ ቅርጽ ስለሚጻፍ ምስል በተለመደው የቤዝ64 አጻጻፍ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትልቅ ምስል ተቆራርጦ ካልሆነ አያልፍም።