ሀብል ወይስ ሜዳ ላይ የተተከለ ቴሌስኮፕ?

ከፕሉቶ ባሻገር ያለችውን አሮኮት የተባለች ትንሽ የጠፈር አካል በ2014 እ.ኤ.አ. ያገኛት ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። ግን ርቀቷ ከ6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሀብልም ከነጥብ አላለፈችም፤ ቅርጿ አይለይም።

ሌላው ዘዴ ጥላዋን መጠበቅ ነው። በአንድ ኮከብ ፊት ስታልፍ ጥላዋ ምድር ላይ ያርፋል፤ እዚያ ሆኖ ለሚያይ ኮከቡ ለአፍታ ድርግም ይላል። በጁላይ 2017 ተመራማሪዎች አርጀንቲና፣ ፓታጎኒያ ውስጥ 24 ተንቀሳቃሽ ቴሌስኮፖች ደረደሩ። ንፋሱ ለጉድ ነበር! መከለያ እንዲሆኑ ከባድ መኪኖች አቆሙ። ጥላው የነካው አምስቱን ብቻ ነው፤ ያውም ለአፍታ። ግን ኮከቡ የጠፋበት የጊዜ ርዝመት ከቦታ ቦታ ተለያየ። ከዚህ በመነሳት ሞላላ ወይም ሁለት አካል የተጣመረባት ሳትሆን አትቀርም ተባለ። በ2019 ኒው ሆራይዘንስ የተባለው መንኮራኩር ደርሶ ሲያያት፣ እውነትም ሁለት አካል ተጣብቆባታል።

ለቅርጽ ከሆነ እኔ ጥላውን እመርጣለሁ። እርግጥ ጥላው የት እንደሚያርፍ ለማስላት የረዳው የሀብል ልኬት ባይኖር መኪኖቹን የት ያቆሟቸው ነበር?