ልጄን አንቶኔሊ ላደረጓት መምህር

ይህን የምጽፈው የልጄን የታሪክ መምህር ለማመስገን ነው። ስሜን አታውጪው ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። እቤት ከእህቷ ጋር ስትሆን አፏ አያርፍም፤ ክፍል ውስጥ ግን እጇን አታወጣም። ድሮ በነበረችበት ትምህርት ቤት አንዴ ጥያቄ ጠይቃ "ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ" ተብላለች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን ለኔ ይዛ ነው የምትመጣው። ታሪክ ማለት ለሷ ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ሆኖ ቀረ።

ከወር በፊት አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች። ክፍላቸው ውስጥ ስለ ውጫሌ ውል ክርክር ሊደረግ ነው። ልጆቹ የዘመኑን ሰዎች ሆነው ይከራከራሉ። ጓደኛዋ እቴጌ ጣይቱን ስትሆን ለሷ ውሉን በጣልያን በኩል የተዋዋለው መልክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ተሰጣት። "እማ፣ እኔ እንዴት ጣልያን እሆናለሁ?" አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም ቅር አለኝ። ደወልኩላቸውና ሌላ ሰው ይስጧት ብዬ ለመንኳቸው። በትሕትና እምቢ አሉኝ። "ጣይቱን ሁሉም ይወዳታል። አንቶኔሊን ግን አንብቦ የሚመጣ ልጅ ነው የምፈልገው፤ እሷ ደግሞ ታነባለች" አሉ።

ነገሩን ለረሳችሁት፣ ውሉ በምኒልክና በጣልያን መካከል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። 20 አንቀጾች አሉት፤ ጠቡ 17ኛው ላይ ነው። አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። ጣልያን ግን በራሷ ቋንቋ የተጻፈውን ይዛ ግዴታ ነው አለች፤ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላም ለአውሮፓ አስታወቀች።

መምህሩ ክርክሩን ያደረጉት 1883 ዓ.ም. ላይ እንደሆነ አድርገው ነው። አንቶኔሊ ነገሩን ለማብረድ ወደ ምኒልክ የተመለሰበት ጊዜ ነው። ዓድዋ ገና 5 ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ ዓድዋን ማንሳት ክልክል ነው! ይሄን ሕግ በጣም ነው የወደድኩት። "የኋላ ኋላ አሸንፈናችኋል" ብሎ አፍ ማስያዝ የለም። ልጆቹ ያላቸው እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላም ሕግ አላቸው። መልስ ከመስጠትህ በፊት ተቃራኒህ ያለውን በራስህ አፍ መድገም አለብህ። እሱ "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት" ካላለ አትናገርም። እኛ አዋቂዎቹ ይህን ብናደርግ ስንት ጠብ ይቀር ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ወሬው አንቶኔሊ ብቻ ሆነ። የአማርኛውንና የጣልያንኛውን ትርጉም ጎን ለጎን ኮፒ አድርገው ሰጥተዋቸዋል። የልጄ ወረቀት ላይ "ይቻላቸዋል" የምትለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች። አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ መጣችና "እማ፣ 19ኛውን አንቀጽ አይተሽዋል?" አለችኝ። እኔ የት አይቼው! ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። "ይሄ እኮ ለኔ ነው የሚጠቅመኝ" አለች። ፊቷ በርቶ ነበር።

የክርክሩ ዕለት የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ልጄ የወንድሜን ኮት ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗቸዋል። የቀሩት ተማሪዎች መኳንንት ናቸው። ክርክሩ ሳይጀመር ከሚያምኑበት ሰው ጀርባ ይቆማሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይመርጣሉ። መጀመሪያ ላይ ከልጄ ጀርባ አንድ ሰው አልነበረም።

ተነሳች። ወረቀቷ ይንቀጠቀጣል። "ግርማዊ ሆይ" አለች ቀስ ብላ። "መሣሪያ ተቀብለዋል። ብድር ተቀብለዋል። መኮንንን ወደ አገራችን ልከው በክብር አስተናግደናቸዋል። 19ኛው አንቀጽ ሁለቱም ጽሑፍ እኩል ነው ይላል። ታዲያ የኛው ስለ ምን ይናቃል?" ክፍሉ ጸጥ አለ።

ጣይቱ የሆነችው ልጅ የልጄን ነጥብ አንድ በአንድ ደገመች። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጣይቱ "እኩል ከሆኑ የኛስ ስለ ምን ይናቃል? እኛ የተስማማነው ያነበብነውን ነው" አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ልጄም ሳታውቀው አብራ አጨበጨበች።

በመጨረሻ 4 ልጆች ወደ አንቶኔሊ ተሻገሩ። የቀሩት ከጣይቱ ጋር ጸኑ። ከዚያ መምህሩ ሁሉንም ኮትና ካባቸውን አስወልቀው በራሳቸው ስም የሚያምኑበትን እንዲናገሩ አደረጉ። ልጄ እጇን አወጣች። ምኒልክ ውሉን ሲያፈርሱ የጣልያንን ብድር ለምን እንደከፈሉ አሁን እንደገባት ተናገረች። የ"ተቀብለዋል" ክርክሯን ያፈረሰው ያ ክፍያ ነው። ይህን ማንም አልጠየቃትም።

መምህር፣ የዚያን ቀን እምቢ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ለወላጆች፣ መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የክርክር ቡድን ጀምረዋል። ከ12 ልጅ በላይ አይቀበሉም። ለፈተና የሚያስጠና ሰው ለምትፈልጉ ይህ አይሆናችሁም፤ ልጁም ቤት ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ቀጣዩ ክርክር ስለ ጣልያን ወረራ የተነጋገረው የ1928ቱ የጄኔቫ ጉባኤ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የታሪክ መምህራን ከሆናችሁም ጻፉልኝ፤ የክርክሩን ሕጎችና ወረቀቶች በነፃ ይሰጣሉ።