አሮጌ ላፕቶፕ ላላችሁ ሁሉ፦ አራት ኪሎ ያለውን ይህን ልጅ እወቁት

አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግነው ነው የምጽፈው።

ላፕቶፔ ዴል ላቲትዩድ ኢ6430 ነው፤ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ሞዴል። የማስተምርበት ኖት፣ የፈተና ጥያቄ፣ የልጆቼ ፎቶ ሁሉ «ዲ» በሚባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ዊንዶውሱ አልነሳ ሲል እሱ ያለበትን «ሲ»ን ብቻ ፎርማት አድርገን እንደገና እንጫን ተባለ። መጫኑ ይጀምራል፣ ከዚያ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። አንዴ ገና ፋይል ሲገለብጥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊጨርስ ሲል። ያየው ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» ብሎ መለሰኝ።

ይህ ልጅ ግን ምንም ሳይነካ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሁሌ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው?» አይደለም አልኩት። «እዚያው ቢሆን ዊንዶውሱ የሚጫንበትን ፍላሽ እጠረጥር ነበር። ቦታ እየቀያየረ ከሆነ ወይ ራሙ ነው ወይ ዲስኩ» አለኝ። ሁለቱን ራም አውጥቶ አንድ በአንድ እየሰካ ፈተሻቸው። ደህና ናቸው። ቀጥሎ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ከፍላሽ አስነሳና የሃርድ ዲስኩን የጤንነት ዝርዝር ከፈተ። ዲስኩ ማንበብ ያቃቱትን ሴክተሮች (ዳታ የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም። እየሞተ ያለው ዲስኩ ነው።

በጣም ደስ ያለኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። «መጀመሪያ ዳታዎን እናውጣ። ይህ ዲስክ በሠራ ቁጥር ይብስበታል» አለ። ጤነኞቹን ፋይሎች አስቀድሞ ወደ ኤክስተርናል ገለበጠ፤ የሚያስቸግሩትን ለመጨረሻ ተዋቸው። ጥቂት ፎቶዎች አልወጡም። የትኞቹ እንደሆኑ ሳይደብቅ ጽፎ ሰጠኝ።

ከዚያ በተበላሸው ዲስክ ምትክ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ገባለት። ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ሳንቲም የምታክለው የባዮስ ባትሪ አልቃ ኖሯል። ብሮውዘሩ ድረ ገጽ አልከፍት የሚለውም ለካ ቀኑ ስለተዛባ ነው።

ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ ብዬው ነበር። እውነቱን ነገረኝ። 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ባጠቃላይ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። የእኔ ሦስተኛ ነው። «በዘዴ ይጫናል፣ ግን በኋላ አፕዴት ሲያስቸግር የሚጉላሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ በሊኑክስ ሚንት (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ተስማማን። ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ ላይ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ሁሉ ራሴ እንድሞክረው አደረገ። የወርድ ፋይሎቼ በወርድ ምትክ በሚሠራው በሊብሬ ኦፊስ ይከፈታሉ። አንዳንድ ሠንጠረዥ ትንሽ ይዛነፋል፤ እሱንም ቀድሞ ነግሮኛል።

ከተስማማንበት ሒሳብ ላይ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። የተበላሸውን ዲስክም «የእርስዎ ዳታ አለበት፣ ሰው እጅ አይግባ» ብሎ መለሰልኝ። ስንቱ ነው ይህን የሚያስብ? እጁ ይባረክ፣ ሥራው ይስፋለት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄዋለሁ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁንና ዳታ የሚገለበጥበት ኤክስተርናል ያዙ። እሑድ አይሠራም።