ናስትሮ ወይስ ሂት ሽሪንክ? መብራት ለምትገጣጥሙ

«የሽቦውን መጋጠሚያ በናስትሮ ጠቅልዬ ልዝጋው?» መብራት የሚገጣጥም ሁሉ የሚያነሳት ጥያቄ ናት። አይሆንም፣ ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ ተሰብስቦ ሽቦውን የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ) ግዙ።

ናስትሮ የሚመረጠው ርካሽ ነው እየተባለ ስለሆነ ከዋጋው እንጀምር። አንድ መጋጠሚያ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ናስትሮ ይበላል፤ ባለ 10 ሜትሩ ጥቅል ለ50 ይበቃል ማለት ነው። በሜትር ከሚሸጠው ሽሪንክ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ሜትሩ ለ25። የጥቅሉን ዋጋ ለ50፣ የሜትሩን ለ25 አካፍሉና የአንዱን መጋጠሚያ ወጪ አወዳድሩ። ናስትሮው ቢረክስ እንኳ፣ አንድ ተራ መብራት ቢበዛ ሁለት መጋጠሚያ ቢኖረው ነው፤ የቀረው 9 ሜትር ከ60 ናስትሮ መሳቢያ ውስጥ ሙጫው ይደርቃል። ያውም 10 ሜትር ከሞላ! መሃሉ ያለው ካርቶን የወፈረ ጥቅል ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ደህናው ናስትሮ ሲጎትቱት ይለጠጣል፤ የማይረባው ሳይለጠጥ ይበጠሳል።

ትልቁ ጉዳይ ሙቀት ነው። ተራ ናስትሮ የሚችለው 80 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ደህና ሽሪንክ 125 ይችላል። አሮጌው ባለ 60 ዋት አምፖል ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሽፋኑ ከተዘጋ ሙቀቱ ሽቅብ ወደ ፖርታላምፓዳው (አምፖሉ የሚገባበት መያዣ) ይሄዳል። የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና ጥቅልሉ ይንሸራተታል፤ ሲከፈት ጥቁር ዝፍት የመሰለ ነገር፣ ከሥሩም ያፈጠጠ መዳብ ታገኛላችሁ። በኤል ኢ ዲ አምፖል ይህ ይቀንሳል፤ መንሸራተቱ ግን አይቀርም።

ለባለ 0.75 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ ሽሪንክ ይሆናል፤ ሲሞቅ በግማሽ ይሰበሰባል። ከመግጠማችሁ በፊት ቱቦውን ሽቦው ላይ አስገቡና ራቅ አድርጉት፤ የብየዳው ሙቀት ቀድሞ እንዳይሰበስበው። የሽቦዎቹን ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ልጣችሁ ጠምዝዙና በሊድ (ቀልጦ በሚበየደው ብረት) በይዱ፤ የሾለውን ጫፍ ቁረጡ፣ አለዚያ ቱቦውን ይበሳል። የሁለቱን ሽቦ መጋጠሚያ ጎን ለጎን አታድርጉ፤ በ4 ሳንቲ ሜትር አራርቁ። ከዚያ ቱቦውን መጋጠሚያው ላይ መልሶ ላይተሩን እያንቀሳቀሱ ከታች ማሞቅ ነው፤ ነበልባሉ ከነካው ይከስላል። ሲሞቅ በጎን የሚሰነጠቅ ሽሪንክ የማይረባ ሊሆን ይችላልና ወደ ሻጩ መልሱት።

ሞርሴቶስ (ሽቦ በቡሎን የሚታሰርበት ማገናኛ)ስ? ቦታ ካለ ጥሩ ነው፣ ለመፍታትም ይመቻል። ሊድ የተቀባ ጫፍ ግን አታስገቡበት፤ ሊዱ በቡሎኑ ጫና ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ ይላላል፣ የላላው ይግላል።

የመብራቱ አካል ብረት ከሆነ ሽሪንክም ብቻውን አያድንም። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የላስቲክ ቀለበት አስገቡ፤ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ግዙና አረንጓዴ-ቢጫውን የመሬት ሽቦ ከብረቱ ጋር በቡሎን እሰሩት። ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) በማብሪያ ማጥፊያው በኩል አልፎ ወደ ፖርታላምፓዳው መሃል፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) አምፖሉ ወደሚጠመዘዝበት ጥርስ ይሂድ፤ ከተገለበጠ አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ የሚያገኘው 220 ቮልት ነው።