ሱፐርዙም እና ፉል ፍሬም፦ 600 ሚሜ ላይ ይቀራረባሉ፣ 200 ሚሜ ላይ ይራራቃሉ

መተዳደሪያዬ የመድረክና የሠርግ ፎቶ ነው፤ ልቤ ያለው ግን ወፎች ጋ ነው። ለዚህ ሁሉ ሁለት ካሜራ እጠቀማለሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ነው፤ ሌንሱ የማይነቀል ሱፐርዙም፣ ማለትም ከሰፊ እይታ እስከ በጣም ሩቅ በአንድ ሌንስ የሚያነሳ። ሌላው በ2021 የወጣው ፕሮፌሽናል ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር)፣ ሶኒ አልፋ 1 ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር አለው። እሱን ለወፍ ስወጣ ከ200-600 ሚሜ ሌንስ ጋር፣ ለመድረክ ሲሆን ከ70-200 ሚሜ ኤፍ 2.8 ጋር እይዘዋለሁ። ሚሜው ሲበዛ ሌንሱ ይበልጥ ያቀርባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል።

ከክብደት ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። አርኤክስ10 ባትሪና ካርድ ገብቶበት 1095 ግራም ይመዝናል። ኪስ አይገባም፣ ግን በዚያ ክብደት ውስጥ ከ24 እስከ 600 ሚሜ ያለው ሁሉ አለ። አልፋ 1 ሌንስ ሳይገጠምበት 737 ግራም ብቻ ነው። ችግሩ ሌንሱ ላይ ነው፦ 200-600ው የትራይፖድ ማሰሪያው ሳይቆጠር 2115 ግራም ይመዝናል። ድምሩ ከ2.8 ኪሎ ያልፋል፤ ያም ሆኖ ከ200 ሚሜ በታች ምንም የለውም። ሰፋ ያለ ነገር ለማንሳት ሁለተኛ ሌንስ መሸከም ግድ ነው። ክንድ ሲደክም ካሜራው ዝቅ ይላል፣ ወፏ ደግሞ የምትነሳው ልክ ያኔ ነው። ረጅም መንገድ በእግር በምሄድበት ቀን አርኤክስ10ን የምመርጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ብርሃን። ሰው ሁሉ ሴንሰሮቹን፣ ማለትም ብርሃኑ አርፎ ምስል የሚሆንባቸውን ሰሌዳዎች፣ አስተያይቶ ይፈርዳል። የፉል ፍሬሙ ሴንሰር 36 በ24 ሚሜ፣ የአርኤክስ10 ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሜ ነው፤ በቆዳ ስፋት ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ይበላለጣሉ። እውነት ነው፣ ግን ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው ብርሃን በሌንሱ በኩል የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ማየት ይሻላል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ትክክለኛው ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ ሚሜ) ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የመግቢያው ወርድ ይገኛል።

አርኤክስ10 "600" የሚባለው በፉል ፍሬም ስሌት ነው፤ የሌንሱ ትክክለኛ ፎካል ሌንግዝ እዚያ ጫፍ ላይ 220 ሚሜ ነው። ኤፍ 4 ስለሆነ መግቢያው 55 ሚሜ ይሆናል። የ200-600ው ሌንስ 600 ላይ ኤፍ 6.3 ነው፤ መግቢያው 95 ሚሜ ነው። በቆዳ ስፋት ሲሰላ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። ሰባት ተኩል የተባለው ወደ ሦስት ወረደ ማለት ነው።

ይህ በሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የሚበር ጭልፊት ክንፉ እንዳይደበዝዝ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ሴኮንድ 1/2000 ላይ አደርጋለሁ። አርኤክስ10 በኤፍ 4 አይኤስኦ (ምስሉን የማድመቂያው መጠን) 1600 የሚበቃው ብርሃን ካለ፣ አልፋ 1 በኤፍ 6.3 ወደ አይኤስኦ 4000 መውጣት አለበት። የአልፋ 1 ፎቶ በአይኤስኦ 4000 ከአርኤክስ10 የአይኤስኦ 1600 ፎቶ የጠራ ነው፤ ላባው ላይ ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። ግን የሰማይና የምድር ያህል አይደለም። በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብረው በሚያስቀምጠው ፋይል) ተነስቶ በዘመኑ የኖይዝ (ብርሃን ሲያንስ ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) መቀነሻ ሶፍትዌር ካለፈ በኋላ፣ ልዩነቱ ትልቅ ህትመት ላይ ካልሆነ በቀር ብዙ ሰው ዓይን ውስጥ አይገባም። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ጠዋት አርኤክስ10 አሳፍሮኝ አያውቅም።

መድረክ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አርኤክስ10 ዙሙ 100 ሚሜ አካባቢ ሲደርስ ኤፍ 4 ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆያል። 200 ላይ ትክክለኛው ፎካል ሌንግዝ 73 ሚሜ ነው፤ ለ4 ሲካፈል መግቢያው 18 ሚሜ ብቻ ይሆናል። 70-200ው በኤፍ 2.8 መግቢያው 71 ሚሜ ነው። አሥራ አምስት እጥፍ! አዳራሹ ውስጥ አልፋ 1 በአይኤስኦ 3200 በሚያነሳበት የሸተር ፍጥነት፣ አርኤክስ10 አይኤስኦ 6400 ይጠይቃል፤ ያውም ሰባት እጥፍ ተኩል በሚያንስ ሴንሰር ላይ። የተናጋሪው ፊት ቀለሙን ያጣል፣ ጥቁር ልብሱ ላይ ኖይዝ ይወርራል፣ የፀጉሩ ዝርዝር ይጠፋል። ሦስት እጥፍን ሶፍትዌር ይሸፍነዋል፤ አሥራ አምስት እጥፍን የሚሸፍን ነገር አላየሁም።

ለዚህ ነው "ሱፐርዙም ሩቅ ለማየት ጥሩ ነው፣ ጥራቱ ግን ሩቅ ላይ ይወርዳል" የሚለውን የተለመደ አባባል የማልቀበለው። ከፉል ፍሬም ጋር ሲነጻጸር ይህ ካሜራ ሩቁ ጫፍ ላይ ነው ጠንካራ፤ መሃሉ ላይ ነው ደካማ። መሃሉ ደግሞ ከ70 እስከ 200 ያለው፣ ሰው የምናነሳበት ቦታ ነው። ከጀርባ ያለውን ነገር ማደብዘዝም የዚሁ ዕጣ አለው። የአርኤክስ10 ኤፍ 4 ጀርባን በማደብዘዝ ረገድ የፉል ፍሬም ኤፍ 11 ያህል ነው። 600 ላይ ያለች ወፍ ጀርባዋ በደንብ ይደበዝዛል፤ ሙሽራ ግን ከኋላዋ ካሉት ወንበሮች ጋር አብራ ትታያለች።

ክሮፕ የማድረግ፣ ማለትም ፎቶውን የመቁረጥ ነገርም አለ። አልፋ 1 50 ሜጋፒክስል ነው፣ አርኤክስ10 20። ከአልፋ 1 ፎቶ 20 ሜጋፒክስል ያህሉን ብቻ ቆርጬ ብወስድ፣ 600 ሚሜው 950 አካባቢ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ "ሱፐርዙሙ የበለጠ ያቀርባል" የሚለው በዚህ ጥንድ ላይ አይሠራም። ትንሽ ወፍ ቅርንጫፍ መሃል ተቀምጣ ሳለ ይህ ትርፍ በጣም ይጠቅመኛል፤ የላባዋ ጠርዝ ከቆረጥኩትም በኋላ አለ።

ስለ ሩቅ ከተነሳ የኒኮን ሱፐርዙሞቹን ፒ950 እና ፒ1000ን ሳልጠቅስ ባልፍ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እነሱ 2000 እና 3000 ሚሜ ድረስ ይሄዳሉ፤ ጨረቃን ፍሬሙ ውስጥ ሞልቶ ለማየት የሚያስደስቱ ካሜራዎች ናቸው። ሴንሰራቸው ግን ከአርኤክስ10ም በጣም ያነሰ ነው። ፒ1000 መጨረሻው ላይ ኤፍ 8 ነው፤ በኤፍ 8 አንዲት የብርሃን ነጥብ በዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ መግቢያ ሲያልፍ በመበተኑ) ምክንያት ወደ 10 ማይክሮን ትሰፋለች፣ የካሜራው አንዱ ፒክስል ደግሞ 1.3 ማይክሮን አካባቢ ነው። ነጥቧ በወርድ ስምንት ፒክስል ላይ ተዘርግታ ታርፋለች ማለት ነው። ፋይሉ 16 ሜጋፒክስል ቢልም ውስጡ ያለው ዝርዝር ያን ያህል አይደለም። በዚያ ላይ ምድር ስትሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ በሩቅ ያለ ነገር ሁሉ እንደ ውኃ ሥር ድንጋይ ይወላገዳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ካሜራ አይፈታውም። ወፏን ለይቶ ለማወቅ ፒ950 ድንቅ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ አልመርጠውም።

አውቶፎከስ ላይ፣ ካሜራው በራሱ ትኩረት በሚይዝበት ነገር ላይ፣ ረጅም እቆያለሁ፣ ምክንያቱም አልፋ 1 ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። አርኤክስ10 በዘመኑ ትልቅ እመርታ ነበር፤ 315 የፌዝ ዲቴክሽን (ትኩረትን በፍጥነት የሚለካ) ነጥብ አለው፣ ትኩረቱን እየተከተለ በሴኮንድ 24 ፎቶ ያነሳል። ሰማይ ላይ ብቻዋን ለምትበር ወፍ ይበቃል። ወፏ ወርዳ ከሣርና ከቅጠል ፊት ስታልፍ ግን ቅጠሉን ይይዝና እሷን ይለቃል። አልፋ 1 የወፍ ዓይንን ለይቶ ያውቃል፣ በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ ትኩረቱን ያሰላል፣ እስከ 30 ፎቶም ያነሳል። ቅርንጫፍ በመካከል ቢገባ እንኳ ዓይኗ ላይ ተመልሶ ያርፋል። ከአርኤክስ10 ጋር ስወጣ አእምሮዬ ትኩረቱን በመጠበቅ ይያዛል፤ ከአልፋ 1 ጋር ስወጣ ስለ ክንፉ ቅርጽና ስለ ብርሃኑ አቅጣጫ አስባለሁ። ይህ ለእኔ ከኖይዙ ሁሉ ይበልጣል።

ቪውፋይንደሩም (ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ) እንዲሁ ነው። የአልፋ 1 9.44 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሲሆን በተከታታይ ሲነሳ ምስሉ አይጠፋም፤ የአርኤክስ10 2.36 ሚሊዮን ነው፣ በተከታታይ ሲነሳም ይቆራረጣል። አቅጣጫዋን ድንገት የምትቀይር ወፍ በዚያች ቅጽበት ትሰወራለች። የአርኤክስ10 ዙም በሞተር ስለሚሄድ ከ24 ወደ 600 ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ የ200-600ው ቀለበት ግን በእጅ ትንሽ ሲዞር ይደርሳል፣ ሌንሱም አይረዝምም። አርኤክስ10 ያላችሁ አንድ ነገር አድርጉ፦ ሌንሱ ላይ ያለውን የፎከስ ገደብ ከ3 ሜትር እስከ ሩቅ በሚለው ላይ አኑሩት። ካሜራው ቅርብ ያለውን ሣር መፈለግ ይተዋል፣ ወፍ የመያዝ ዕድላችሁም በግልጽ ይጨምራል።

ቢራቢሮና ንብ ጋ ስትደርሱ ግን ገደቡን አንሱት። አርኤክስ10ን ከልቤ የምወደው እዚህ ነው። 600 ሚሜ ላይ ሆኖ እስከ 72 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ይተኩራል። ቢራቢሮዋን ሳላስደነግጥ ክንፏን ፍሬሙ ውስጥ እሞላለሁ። የ200-600ው ዝቅተኛ ርቀት 2.4 ሜትር ነው፤ ቢራቢሮዋ ፍሬሙ ውስጥ አነስ ብላ ትቀራለች። በዚህ ርቀት ኤፍ 4 እንደ ኤፍ 11 መሆኑ ጉዳት መሆኑ ይቀርና ጥቅም ይሆናል፤ ከክንፏ የሚበዛው ክፍል ትኩረት ውስጥ ይገባል። ለአበባና ለነፍሳት ሌላ ሌንስ ካልገዛሁ፣ ከሁለቱ የምይዘው ያለ ጥርጥር ትንሹን ነው።

ፍላሽ ላይም ትንሹ ያልተጠበቀ ብልጫ አለው። ሸተሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ፣ አልፋ 1 በመደበኛው የፍላሽ አሠራር ከሚቆምበት ከሴኮንድ 1/400 በላይ በሆነ ፍጥነትም ከፍላሽ ጋር ይሠራል። በቀትር ፀሐይ የፊት ጥላን በትንሽ ፍላሽ ለመሙላት ይህ ብዙ ያግዛል።

የደንበኛ ሥራ ሲሆን ግን አልፋ 1 ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው፤ እያንዳንዱ ፎቶ እዚያው በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አርኤክስ10 ያለው አንድ ነው፣ ብዙ ፎቶ በተከታታይ ካነሳ በኋላም ካርዱ ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ያስጠብቃል። ሠርግ አይደገምም፤ ስለዚህ አርኤክስ10ን ለብቻው ይዤ አልሄድም። ባትሪው 1020 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ የአልፋ 1 ደግሞ 2280፤ ትርፍ ባትሪ ያዙ። ቪዲዮ ላይ አርኤክስ10 እስከ 4ኬ፣ አልፋ 1 እስከ 8ኬ ይቀርጻል። እኔ በብዛት ፎቶ ስለማነሳ ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ሱፐርዙም ይዛችሁ "አሁን ወደ ፉል ፍሬም ልሂድ" ለምትሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ሰው ፉል ፍሬም ገዝቶ፣ ሌንስ መቀያየር እንዳይኖርበት ሲል 24-240 ሚሜ ኤፍ 3.5-6.3 ዓይነት ዙም ይገጥምበታል። ያ ሌንስ 240 ላይ መግቢያው 38 ሚሜ ነው፤ አርኤክስ10 እዚያው ርቀት ላይ 22 ሚሜ አለው። አሥራ አምስት እጥፍ ሊሆን የሚችለው ብልጫ ሦስት እጥፍ ላይ ቆመ፤ 600 ሚሜውም አብሮ ሄደ። አዳራሽ ውስጥ ሰው የምታነሱ ከሆነ ከካሜራው ወጪ ላይ ቀንሱና ሌንሱ ላይ ጨምሩ። እንደ ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ያለ የቆየ ፉል ፍሬም ካሜራ ከ70-200 ኤፍ 2.8 ጋር፣ ከአዲስ ውድ ካሜራና ጥቂት ብርሃን ከሚያስገባ ዙም የተሻለ የመድረክ ፎቶ ይሰጣችኋል። ሱፐርዙሙን ደግሞ አትሽጡት፤ ጠዋት ለወፍ ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ።