ሞርታዴላ፣ ሶሴጅ፣ የልኳንዳ ሥጋ ወይስ የጣና ዓሣ? ባሕር ዳር ላይ ለቤታችን ምን እንግዛ

እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በቅርቡ እኛ ጋ ልትሰነብት ከአዲስ አበባ መጣች። በማግስቱ ጠዋት «ዳቦ በሞርታዴላ አማረኝ» አለችኝ። የነፍሰ ጡር አምሮት ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ቦርሳዬን ይዤ ፔዳ ሰፈር ወዳለው ሱቅ ወጣሁ።

ባለሱቁ ወጣት ልጅ ነው። ትልቁን ሞርታዴላ ከፍሪጅ አውጥቶ መቁረጫው ማሽን ላይ አስቀመጠው። ሳይጀምር «ሌሊት መብራት ነበር እንዴ?» አልኩት።

«አልነበረም እትዬ። ማታ ጠፍቶ ጠዋት ነው የመጣው። ግን ፍሪጁን አልከፈትነውም፣ ምንም አይሆንም።»

ልጁ አልዋሸኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሞርታዴላውን ግን ሳልገዛ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ልንገራችሁ። በዚያው ከተማችን ውስጥ የምንገዛቸውን የሥጋና የዓሣ ዓይነቶች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

እኔ ዋጋና ጣዕም ከማየቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ እጄ ደርሷል ወይ? ሁለተኛ፣ ነገ ችግር ተገኘበት ቢባል የትኛው እንደሆነ ተለይቶ ከገበያ ሊሰበሰብ ይችላል ወይ?

የሚያስፈራው ምኑ ነው?

ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አብዛኛው ባክቴሪያ ፍሪጅ ሲገባ ይደነዝዛል። ሊስቴሪያ ግን በቅዝቃዜ ውስጥም ቀስ እያለ ይራባል። ጨውም ብዙ አይበግረውም። ሽታ አያመጣም፣ ቀለም አይቀይርም። «አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚለው የቆየ ፈተናችን እዚህ ላይ አይሠራም። ጤነኛ ጎልማሳ በትንሽ ትኩሳትና በተቅማጥ ሊያልፈው ይችላል። ነፍሰ ጡርን ግን ሊያስወርዳት ይችላል። ሕፃኑ ታሞ ሊወለድም ይችላል። ለአዛውንትና በሌላ ሕመም አቅሙ ለተዳከመ ሰውም አደገኛ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖሎኒ የሚሉት አለ። የሞርታዴላ የቅርብ ዘመድ ነው። ርካሽ ነው፣ ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ልጆች ይወዱታል። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ሊስቴሪያ በአገሩ ተስፋፋ። ምንጩ ለወራት አልተገኘም። ዋናው ፍንጭ የመጣው ሶዌቶ ውስጥ ካለ የሕፃናት መዋያ ነው። ልጆች ታመው ሆስፒታል ገቡ። መርማሪዎች የመዋያውን ፍሪጅ ሲፈትሹ ፖሎኒ አገኙ፤ ከዚያ ተነሥተው ፋብሪካው ድረስ ሄዱ። የካቲት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ምርቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። እስከዚያው ግን ብዙ ጉዳት ደርሷል። በወረርሽኙ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ከ200 በላይ ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ ገና የተወለዱ ጨቅላዎች ነበሩ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው በሚባልበት አገርም ይደርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ቦርስ ሄድ የተባለው ድርጅት ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተዘጋጀ ሥጋ ከገበያ ሰብስቧል። ይህ ከ3,000 ቶን በላይ ነው። ከዚያ ወረርሽኝ ጋር በተያያዘ 10 ሰዎች ሞተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞርታዴላ ፋብሪካ ውስጥ ይበስላል፤ ሲበስል ሊስቴሪያ ይሞታል። ብዙ ጊዜ የሚበከለው ከበሰለ በኋላ ነው። ሲላጥ፣ ሲቆረጥ፣ ሲታሸግ። አሁን ወደ ሱቃችን የመቁረጫ ማሽን መለስ እንበል።

ተቆርጦ የሚመዘን ሞርታዴላና እንደታሸገ የሚሸጥ

ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ ሊወጡ ይችላሉ። ለእኔ ግን አንድ አይደሉም።

ተቆርጦ የሚመዘነው በማሽኑ ላይ ያልፋል። ከእሱ በፊት ሌላ ሞርታዴላ፣ ሌላ አይብ ተቆርጦበታል። ማሽኑ በየስንት ሰዓቱ ተፈታቶ ይታጠባል? ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ከዚያ በስስ ፌስታል ይጠቀለላል። በዚህች ቅጽበት ሞርታዴላው ማንነቱን ያጣል። የምርት ቀኑ፣ የባች ቁጥሩ (አብሮ የተመረተውን የሚለየው ቁጥር)፣ የፋብሪካው ስም ሁሉ በትልቁ ላስቲክ ላይ ቀርተዋል። ነገ በቴሌቪዥን «ይህን ቁጥር የያዘ ምርት አትጠቀሙ» ቢባል እናንተ ፍሪጅ ውስጥ ያለው እሱ ይሁን አይሁን በምን ታውቃላችሁ?

የታሸገው ቁጥሩን ይዞ ቤታችሁ ይገባል። በፋብሪካ ተቆርጦ ስለታሸገ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካውም የፋብሪካ ምርት ነበር። ልዩነቱ፣ ችግር ሲገኝ ተለይቶ መጠራት መቻሉ ነው። ስለዚህ ሞርታዴላ የግድ ከሆነ ትንሹንና የታሸገውን ግዙ። ቤት ስትደርሱ ክፈቱት፣ በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት። ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ደግሞ መጥበሻ ላይ ጣሉት፤ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ይሙቅ። እህቴ «ሞርታዴላ ተጠብሶ ምን ጣዕም አለው?» ትላለች። ከእንቁላል ጋር ሲሆን አለው።

ሶሴጅ በበረዶ

ሶሴጅ ከሞርታዴላ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ሰው ጠብሶ ነው የሚበላው። እስከ ውስጡ በደንብ ከተጠበሰ ሊስቴሪያም ሳልሞኔላ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያም ይሞታሉ፤ መሀሉ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ችግሩ ውጪው ቡኒ ሲሆን ውስጡ ገና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ከዲፕ ፍሪዝ አውጥታችሁ ቀጥታ ዘይት ውስጥ አትጣሉት። ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ፣ ለሁለት ይሰንጠቅ፣ ከዚያ ይጠበስ።

ሱቅ ውስጥ ፓኬቱን በእጃችሁ አገላብጡት። ሶሴጆቹ ተጣብቀው አንድ ድርቅ ያለ ጥቅል ሆነዋል? ፓኬቱ ሥር ፈሳሽ ረግቶ በረዶ ሠርቷል? እንደዚያ ከሆነ አንዴ ሟሙቶ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው። በረዶ ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ሲሟሟ ከቆመበት ይቀጥላል። መልሱት።

ስለ ቀኑም ላንሣ። ከውጭ የመጣው ፓኬት ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የአገር ውስጡ አንዳንዱ በእኛ፣ አንዳንዱ በእነሱ ይጽፋል። ሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ ዓመቱን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ወሩና ቀኑ ግን ያደናግራል። ካልገባችሁ ባለሱቁን ጠይቁት፤ እሱም ካልገባው አትግዙ።

ሌላው ጾም ነው። ሑዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሶሴጅና የሞርታዴላ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ዕቃው ግን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ መሀል መብራት ስንቴ ሄደ፣ ስንቴ መጣ? የፋሲካ ሰሞን ግፊያ ላይ ቀን ሳያዩ መግዛት ቀላል ነው። እኔ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የታሸገ ሥጋ አልገዛም። አዲስ ዕቃ እስኪገባ እጠብቃለሁ።

የጣሳ ሥጋ

አጭር ነው። ጣሳው ከታሸገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚበስል እስኪከፈት ድረስ ፍሪጅ አይፈልግም። መብራት ለሚያስቸግረው ቤት ጥሩ ነው፤ ቁጥሩም ላዩ ላይ ታትሟል። ያበጠ፣ የዛገ፣ መገጣጠሚያው ላይ የተጨረመተ ጣሳ አይገዛም። ያበጠውን «እስቲ ልቅመሰው» ማለትም የለም፤ ውስጡ ሊኖር የሚችለው መርዝ በትንሹም ይጎዳል። ከተከፈተ በኋላ እንደማንኛውም ሥጋ ነው። የተረፈውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ ፍሪጅ ክተቱት።

የልኳንዳ ሥጋ

ብዙ ሰው «የፋብሪካውን ትቼ ከሥጋ ቤት እገዛለሁ፣ እሱ ይሻላል» ይላል። በከፊል እውነት ነው። ሥጋ ቆራጩን ታውቁታላችሁ። ሥጋው ላይ የቄራ ማኅተም ካለ በባለሙያ ታይቷል ማለት ነው። ማኅተሙን ለማየት አትፈሩ። «ወንድሜ፣ ማኅተሙ ያለበትን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ግን ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ አይደለም፣ ተሰቅሎ ነው ያለው። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት እኩለ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ግዙ። ቀኑንም እዩ። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያን ልኳንዳዎች ይዘጋሉ። ሐሙስ ጠዋት የተሰቀለው የማክሰኞ ትራፊ ይሆን? «የዛሬ እርድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚፈጨው ከሙሉው ይለያል። ሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ ላዩ ላይ ነው፤ ሲጠበስ ይቃጠላል። ሲፈጭ ግን ላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። የማሽኑም ቆሻሻ አብሮ ይገባል። የተፈጨ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ገዝታችሁ ቤት ክተፉት፣ ሙሉ በሙሉም ይብሰል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ባህላችን እንደሆኑ አውቃለሁ፣ እኔም ወዳጅ ነኝ። የኮሶ ትል የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ለእነሱ ጥሬ አይቀርብም።

ቋንጣስ? በበጋ የደረቀ ጥሩ ነገር ነው። ባክቴሪያ እርጥበት ይፈልጋል፤ ቋንጣ ላይ ጨውና ድርቀት አሉ። ክረምት ላይ ግን ከተማችን እርጥብ ናት፤ ቋንጣው ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ይሻግታልም። ከሐምሌ እስከ መስከረም የተሰቀለ ቋንጣ አልገዛም።

የጣና ዓሣ

እዚህ ላይ ባሕር ዳሮች ዕድለኞች ነን። ቆሮሶውም አምባዛውም ከሐይቁ እስከ ድስታችን ያለው መንገድ አጭር ነው። ፋብሪካ የለም፣ ወራት የሚፈጅ መጋዘን የለም። ቅዝቃዜው የሚቋረጥበት ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ሊያጥር ይችላል ያልኩት በረዶ ስለማይበዛ ነው። ዓሣ ከሥጋ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። የጠዋቱን ከሰዓት በኋላ መግዛት ዋጋው ቢቀንስም አያዋጣም።

ሙሉ ዓሣ ግዙ። ዓይኑ ጥርት ያለና ያልሰረጎደ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ተገፎ የቀረበ ዓሣ እነዚህን ምልክቶች አያሳያችሁም። እዚያው ካስገፈፋችሁ ደግሞ በከተማው ዳርቻ በሐይቁ ውሃ እንዳይታጠብላችሁ። ቤት ወስዳችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን አብስሉት። የባች ቁጥር የለውም፤ ግን ማን እንደሸጠላችሁ ታውቃላችሁ፣ በእሳትም ያልፋል።

መብራት ሲጠፋ

የተዘጋ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። የሞላ ዲፕ ፍሪዝ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የፔዳው ልጅ ፍሪጁን አለመክፈቱ ጥሩ ነበር፤ ሌሊቱ ግን ከ4 ሰዓት ይረዝማል።

ለቤታችሁ አንድ ዘዴ አለ። የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሞልታችሁ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ አርጉት። ከረጋ በኋላ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ከመንገድ ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰጥሞ ካገኛችሁት እናንተ በሌላችሁበት ሁሉም ሟሙቶ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ለማን ምን?

ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ያለበት ቤት የዕለት ዓሣ ወይም የዕለት ሥጋ ይግዛ፣ በደንብ ይብሰል። ተማሪ ሆናችሁ ፍሪጅ ከሌላችሁ የጣሳ ሥጋ ይሻላችኋል፤ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ትንሹን ግዙ። ሥራ የሚበዛባችሁና ልጆች የምትመግቡ ጄኔሬተር ካለው ሱቅ የታሸገ ሶሴጅ ግዙ። ተቆርጦ የሚመዘን ሞርታዴላ ግን ለማንም አልመርጥም።

የተጠራጠራችሁትን ምርት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ትችላላችሁ። ስትደውሉ ፓኬቱ እጃችሁ ላይ ይኑር፤ ያለ ቁጥሩ ምርቱን ለይቶ መከታተል ከባድ ነው።

ለእህቴ በዚያ ጠዋት ቆሮሶ ጠበስኩላት። በሳምንቱ የታሸገ ሞርታዴላ አግኝቼ ከእንቁላል ጋር ጠበስኩት፣ በላችውም። ላስቲኩን አጥቤ ከመሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሊስቴሪያ ከተበላ በኋላ እስከ 70 ቀን ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። እስክትወልድ ድረስ አልጥለውም።