የቀበሌያችን የሕዝብ ውይይት፦ ደንቡ ጥሩ፣ መልሱ ግን ይቀረዋል

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሠፈራችን ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። አጀንዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው።

ደስ ካለኝ ልጀምር። ሰብሳቢዋ ገና ከመጀመሪያው ደንቡን አነበቡልን። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ይናገራል፣ ለሦስት ደቂቃ። ከአጀንዳ መውጣት የለም፣ ሰው መዝለፍ የለም። ሰዓት የሚይዝ ልጅም ፊት ለፊት አስቀመጡ። ባለሆቴሉም ጉልት ቸርቻሪዋም እኩል ተቆረጠባቸው። ድሮ ማይክ የያዘ ሰው መች ይለቅ ነበር! ለዚህ ከ5 ነጥብ 4 እሰጣለሁ።

ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ዕድል ደረሳቸው። እንጀራ ጋግረው ነው የሚያድሩት። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና «ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው በጓሮ ገብቶ በፊት በር ይወጣል። ዱቄቴ ረጠበ፣ እንጨቴም ረጠበ። ቦዩን የሚጠርገው ማነው? መቼ?» ብለው ተቀመጡ። አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። የሁሉም ጥያቄ ተሰብስቦ በአንድ ላይ «በዕቅድ ተይዟል» ተባለ። ማን? መቼ? የለም። እናትየዋ ደግመው እጅ ሲያወጡ «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው፣ እማማ» ተባሉ። ይሄ በጣም አናደደኝ። መልስ ላላገኘ ሰው አንድ ማብራሪያ መጠየቂያ ዕድል ሊኖር ይገባል። ደግሞ ሰዓቱ ለመድረኩም ይሥራ፤ የመክፈቻው ንግግር ብቻ ጠዋቱን በላው።

ይሄ የችሮታ ጉዳይ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችንን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ይሰጠናል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል።

ሲያልቅ ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስለ ጎርፍ ጥያቄ ተነሥቷል» ብቻ ተብሏል። የእናትየዋ ጥያቄ እንዳለ ይግባ ብዬ ለመንኩት። ደግ ልጅ ነው፣ «ማን» እና «መቼ» የሚሉትን ጨምሮ ጻፈው።

ለመልስ አሰጣጡ ከ5 ነጥብ 2። የምትሄዱ ሰዎች ጥያቄያችሁን አሳጥራችሁ በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ለጸሐፊው ስጡ፣ ሌላውን አስፈርማችሁ ያዙ።